በእትዬ አስካለ ሽቦ ላይ የተሰጣው ሱሪ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው እንጂ እኔስ ዝም ብዬ ዝናቡን እያየሁ ነበር።

ሬዲዮኑ ስለ ደስታ ያወራል። አንድ የተማረ ሰው፣ የሰው ልጅ ከዕለት ኑሮው እንዴት እርካታ እንደሚያገኝ ያስረዳል። የልጅ ልጄ ረቢያ ድምፁን ቀነስ አደረገችና፣ «እማማ፣ አንቺ በዕድሜሽ ልብሽ ጥግብ ያለበት ጊዜ መቼ ነው?» አለችኝ። ሌሎቹም ዙሪያዬን ከበው ንገሪን፣ ንገሪን አሉ። የሠርጌን ቀን እንድላቸው ነበር የጠበቁት፤ ወይ እናታቸውን የወለድሁበትን።

ልመልስ አፌን ስከፍት፣ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ የተሰጣው የረቢያ ቀሚስ ሸተተኝ። ክረምት አይደል፣ ሳይደርቅ ሰነበተ። ሳይደርቅ የሰነበተ ልብስ ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ጨለማ ጓዳ ጓዳ ይላል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እጄ ሳላዘው ቀሚሱን ስቦ ከመስኮቱ አራቀው፣ ከውጭ እንዳይታይ።

«ሰይድ ቆጥ ላይ የነበረበት ክረምት» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። ወንድሜ ሰይድ የተደበቀበትን ክረምት በወሬ ያውቁታል፤ የፍርሃት ወሬ ነው። «ኧረ እማማ! እርካታ እኮ ነው ያልንሽ!» አለች ረቢያ። ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ግን እውነቱ ያ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል እንግዲህ አትፍረዱብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ያልበቀሉበት ዓመት ነበር። የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአያቴ ከእማ ዘይነባ ጋር ነው። እናታችን እኔን ወልዳ አልተነሳችም። አባታችን የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ባለፈው ዓመት መኪናው ተገልብጦ አለፈ፣ አሏህ ይዘንለት። የቀረን ወንድ ሰይድ ብቻ ነው። በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም፣ አፉ ከሳቅ የማያርፍ ልጅ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣ። ወጣት ከየመንገዱ ይታፈስ ጀመር፤ ከገበያው፣ ከኳስ ሜዳው፣ ከመስጊድ በር ሳይቀር። የታፈሰው ወደ ሰሜን ይጫናል። ከእኛ ሰፈር ከተጫኑት ተመልሶ ያየሁት አልነበረም። ታዲያ ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት እማ ሰይድን ከጓዳው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አወጣችው። ከጣራው ሥር በእንጨት የተረበረበ፣ ማገዶና አሮጌ ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ነው፤ ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳን አይቻልበትም። መሰላሉን አነሳችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰይድ ኩታበር፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» አለችኝ።

እኔ እኮ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እማ ደግሞ አትዋሽም። ስለዚህ የቆጡ ስም ኩታበር ነው ብዬ ተቀበልሁ። እውነተኛውን ኩታበር አይቼው አላውቅ፣ ምን ላድርግ። «እማ፣ ኩታበር ዝናብ ያፈሳል» እላታለሁ። «እማ፣ ለኩታበር ምሳ አልሰጠነውም።» እሷ አፌን በመዳፏ ትይዛለች፤ ሰይድ ከላይ ሳቁን በክንዱ ሲያፍን እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥላሸት በራሴ ላይ ይወርዳል።

ግቢውን የምትጋራን እትዬ አስካለ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ቀድሞ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ግርማ ታፍሶ ግንባር ነው። በቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ ሹም ነገር ነበረች። ካኪ ጃኬቷን ደርባ ስትራመድ ጭቃው ራሱ መንገድ የሚለቅላት ይመስለኝ ነበር። በፊት በፊት ፀጉሬን ትዳብሳለች፣ ከረሜላ ትሰጠኛለች። ያን ክረምት ግን ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሰላምታዋ አጠረ። ከሰው ጋር እያወራች ድንገት ዝም ትልና ሽቦውን ታያለች። በቃ፣ ሰይድን ደርሳበታለች ብዬ ደመደምሁ።

ሽቦው የጋራችን ነው፤ ከእሷ ጣራ ጠርዝ እስከ እኛ ምሰሶ የተወጠረ ልብስ ማስጫ። እሷ በሯ ላይ በርጩማ ታወጣለች፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እጇ ምስሩ ላይ ነው፣ ዓይኗ ሽቦው ላይ።

ሰው ይደበቃል ልጆቼ። የማይደበቀው ልብሱ ነው። አንዲት አሮጊትና አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ባሉበት ቤት ደጅ ረጅም ሱሪ ከተሰጣ፣ ሱሪው ራሱ ይናገራል። እማ ይሄን ቀድማ አውቃዋለች። የሰይድን ልብስ ጓዳ ውስጥ ታጥባለች፣ እጣቢውን ከእኔ ልብስ እጣቢ ጋር ቀላቅላ ትደፋለች፣ ከዚያ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥራ ታንጠለጥለዋለች። የደሴ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በራችን ላይ ይተኛል። ልብሱ ይጨሳል እንጂ አይደርቅም። ሰይድ እርጥቡን ይለብሰዋል፣ ሰውነቱ ላይ ያደርቀዋል። ቆጡም፣ ጓዳውም፣ የምንበላው እንጀራም ያ ሽታ ሸተተ። ሰይድን ጉንፋን ያዘው፤ ቆዳው ቀላ፣ አንገቱንና ብብቱን ሲያክ ጥፍሩ ሲፋጭ ከታች ይሰማኛል።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ፣ እማ ባለችበት፣ «ሐዋ፣ ሰይድ ደህና ነው ኩታበር?» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዞታል» አልሁ እኔ።

እማ የያዘችው እንስራ ውስጥ ያለው ውሃ ሲናወጥ ሰማሁት። «ትናንት ከኩታበር ገበያ የመጣ ሰው ነግሮን እኮ ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ብርዱ በርትቶበታል አለን።»

እትዬ አስካለ ሰፌዷን አንጓለለች። «ኩታበር ይበርዳል» አለች። «ደረቅ ነገር ይልበስ በሉት።»

እማ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። «ያ ረቢ» አለች፣ «ይቺ ሴት ምን ማለቷ ነው?» እኔም የጠየቀችኝ እኔን ስለመሰለኝ፣ «ደረቅ ልብስ ይልበስ ነው ያለችው» አልኋት። እማ አየችኝ፣ አየችኝና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስትስቅ ነው። «እሱስ እውነቷን ነው» አለች። «ነገ ኮምቦልቻ እንወርዳለን።»

ኮምቦልቻ አክስቴ ረውዳ አለች፤ እዚያ ፀሐይ አለ። ሰው ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለሕክምና ይወርዳል፤ እኛ ልብስ ልናሰጣ ወረድን።

እማ የሰይድን ልብስ ጓዳ አጥባ ጨመቀችና በአንሶላ ቋጠረችው። አውቶቡሱ ውስጥ ቋጠሮው ጭኔ ላይ ነበር፤ ውሃው በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴን አቀዘቀዘው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ውስጥ ገባን፤ መስኮቱ ነጭ ሆነ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ በዳበሳ ይወርዳል። ከጉሙ ስንወጣ ኬላ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ። ጠመንጃ ያነገተ ሰው ገባና ወንዶቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ፣ ወረቀታቸውን አገላበጠ። እኛ ጋ ሲደርስ ቋጠሮዬን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው ይሄ? ያንጠባጥባል።»

«ልብስ ነው ልጄ» አለች እማ።

ፈታው። የሰይድ ሱሪ ከላይ ነበር፤ ያ ረጅሙ፣ ቡናማው። አነሳው። እግሩ እስከ አውቶቡሱ ወለል ተንዘረፈፈ።

«የማን ነው?»

«የልጄ። ሞቷል።»

«የሞተ ሰው ልብስ ለምን ይታጠባል?»

«ሰደቃ ልሰጠው ነው። ሰደቃ በእድፉ ይሰጣል እንዴ ልጄ?»

ከኋላ ያሉ ሴቶች፣ «እውነታቸውን ነው፣ እውነታቸውን ነው» አሉ። ሰውየው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። አፉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። «ማሙሽዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል?» አለኝ። ፀጉሬ ለቅማል ተብሎ ተላጭቶ ስለነበር ወንድ መስዬዋለሁ።

እኔ ያን ሱሪ አውቀዋለሁ። የአባቴ አይደለም፣ የሰይድ ነው። እማ ደግሞ አትዋሽም። እንግዲህ ሰይድ ሞቷል ማለት ነው፤ ከቤት ስንወጣ ሞቶ እማ ሳትነግረኝ ቀርታ ነው። እሪ ብዬ አለቀስሁ። እንባዬ፣ ንፍጤ፣ ሁሉም ባንዴ ወረደ። ሰውየው ደነገጠ። ሱሪውን ጭኔ ላይ ጣለና፣ «በሉ፣ ነፍስ ይማር» ብሎ ወረደ።

እስከ ኮምቦልቻ አለቀስሁ። እማ ሰው በሞላበት አውቶቡስ ምን ትበለኝ፤ እጄን ጨብጣ፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ብቻ ትላለች።

አክስቴ ረውዳ ቤቷ ቦርከና ዳር ነው። ወንዙ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይጮኻል። ከቤቱ ጀርባ ግን አለቱ በፀሐይ ግሎ ነበር። ደሴን ለቀን ስንመጣ የነበረው ብርድ የት እንደገባ አላውቅም፤ ነፋሱ ራሱ ሞቅ ያለ ነው። እማ ቋጠሮውን ፈታች፤ ሱሪውን አለቱ ላይ፣ ሸሚዞቹን ቁጥቋጦው ላይ ዘረጋቻቸው። ከጨርቁ ላይ እንፋሎት ሲነሳ አየሁ። የሰይድ ነፍስ እየወጣች መሰለኝና ልቅሶዬ እንደገና ገነፈለ።

«እማ፣ ሰይድ መቼ ሞተ?»

ያኔ ነው የገባት። አቀፈችኝ። «አልሞተም ሐውዬ፤ ከቆጡ ላይ አለ፣ ዳቦውን እየበላ ነው።»

«ሞቷል አልሽው እኮ።»

«ያልሁት አባትሽን ነው። እሱም ልጄ ነው። እሱም ሞቷል። ሰውየው ደግሞ የትኛው ልጅሽ ብሎ አልጠየቀኝ።» እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «አሏህ የትኛውን እንዳልሁ ያውቀዋል» አለች። እኔን ስታባብል ራሷንም እያባበለች ነበር፤ አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያኔ አልታወቀኝም።

ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ። አለቱ ላይ ልብሱ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ግራጫ ሹሩባዋን በፀሐይ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ረውዳ ያመጣችልንን በለስ ልጣ ለእኔ ግማሽ፣ ለራሷ ግማሽ አደረገችው። የፋብሪካው ሳይረን ሲጮኽ እኔ ወታደር የመጣ መስሎኝ ከጉያዋ ገባሁ፤ እሷ ግን፣ «ሠራተኛው ምሳ ሊወጣ ነው» አለችና ዘሩን እንትፍ አለች። አንዳንዴ ትነሳና ሱሪውን ታገላብጠዋለች። እንደ ቂጣ ነው የምታገላብጠው፣ አንዱ ጎን እንዳያርርባት። ሲደርቅ አነሳችው፣ ፊቷን ሙሉ ቀበረችበት፣ በረጅሙ ሳበች።

«ነይ አሽትቺ» አለችኝ።

አሸተትሁ። የምን ሽታ እንደሆነ እንጃ። ፀሐይ ሽታ ካለው እሱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እማ። «ዛሬ ልጄ ደረቅ ይለብሳል።» ስለ ነገ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ኬላው መመለሻችን ላይ እንዳለ ታውቃለች፣ እትዬ አስካለ በሯ ላይ እንደምትጠብቀን ታውቃለች። ግን ያን ቀን፣ ያን ሱሪ እያጠፈች፣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ ወዲህ በሠርግም በዓልም በሰው ፊት ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ሬዲዮኑ ላይ ያለው ሰውዬ ይሄን ቢያየው ብዙ ባላወራ ነበር።

ማታ ሰይድ ሸሚዙን ቆጥ ላይ እንደተኛ ለበሰውና፣ «ኮምቦልቻን ለበስሁት!» አለ በሹክሹክታ። እማ ከታች፣ «ዝም በል አንተ ጅብ» አለችው። ሦስታችንም እየተንቀጠቀጥን ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ደጋግመን ወረድን። ቋጠሮውን ማቀፍ የእኔ ሥራ ሆነ። ኬላው ላይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይፈትሸናል፣ እማም ያንኑ ትናገራለች። አንድ ቀን ግን ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ራሱ ገባ። ቋጠሮውን አየ፣ እማን አየ፣ እኔን አየ።

«እማማ» አለ ሳይፈታው፣ «እኚህ ሰውዬ ስንቴ ነው የሚሞቱት?»

እማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሰውየው በጣቱ ቋጠሮውን ጫን ጫን አደረገና ውሃው ሲወርድ እያየ፣ «ሁለተኛ በዚህ መንገድ እንዳላይዎት» አለ፤ እንድናልፍ እጁን አወዛወዘ። ራርቶልን ይሁን ሰልችቶት አላውቅም። ኮምቦልቻ ግን አበቃ።

ሰይድ ተመልሶ እርጥብ ለበሰ። ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደ። እማ ከንጋቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እጇን እንደዘረጋች ትቆያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ቆጡ ላይ ነው።

ነሐሴ ውስጥ ይመስለኛል፣ ዝናቡ አረፍ ባለበት ጠዋት፣ በሩን ስከፍት ሽቦው ላይ የወንድ ልብስ ተሰጥቷል። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የውስጥ ካናቴራ፣ ግራጫ ሱሪ። የሰይድ መሰለኝ፤ ማን አወጣው? እማ ከኋላዬ መጥታ አየች።

«አስካል፣ ግርማ መጣ እንዴ?» አለች።

እትዬ አስካለ ጀርባዋን ሰጥታ እየሰቀለች ነበር። «አልመጣም። ልብሱን ብል እንዳይበላው ነው። ከእንግዲህ በየሳምንቱ አጥባለሁ» አለች ጮክ ብላ፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ይመስል። ከዚያ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «እማማ ዘይነባ፣ እርስዎም ያለዎትን ይስቀሉ። ሽቦው ሰፊ ነው» አለች።

ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ምን ፍርሃት እንደነበር። ወጥመድ ናት፣ እኛ ስንሰቅል ልትይዘን ነው ብዬ ለእማ ነገርኋት። ሰይድም ከላይ፣ «እማ፣ እንዳታደርጊው» አለ። እማ ቀኑን ሙሉ በጓዳና በበሩ መካከል ተመላለሰች። የሰይድ ሳል ነው የወሰነላት። በሚቀጥለው ጊዜ እትዬ አስካለ የግርማን ልብስ ሰቅላ ገባ ስትል፣ እማ የሰይድን ቡናማ ሱሪ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ ከግርማ ግራጫ ሱሪ አጠገብ ሰቀለችውና፣ «ቢስሚላህ» ብላ ተመለሰች። እኔን ከሥሩ አስቀመጠችኝ፣ ነፋስ እንዳይጥለው ጠባቂ አድርጋ። ጠብታው አንገቴ ውስጥ ይገባል፤ አልተንቀሳቀስሁም።

ሳይደርቅ የቀበሌ ጥበቃዎቹ መጡ።

ሦስት ናቸው፣ ጠመንጃ ይዘዋል። ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቀጭን ወጣት፣ ሽቦው ጋ ቆመ። «ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የልጄ» አለች እትዬ አስካለ ከበርጩማዋ ሳትነሳ። «ግንባር ነው ያለው። የዘማች ልብስ ማጠብ ተከለከለ?»

ልጁ ቡናማውን ሱሪ ያዘ። ከወገቡ ጋር አስተያየው፤ እግሩ መሬት ነካ። «እትዬ፣ ግርማን አውቀዋለሁ እኮ። አብረን ኳስ ተጫውተናል። እሱ አጭር ነው።»

ጠብታ አንገቴ ላይ ጠብ አለ። እማ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ቆጡ ላይ ያለው ሰይድም ይሰማል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው።

እትዬ አስካለ ሰፌዷን አስቀመጠች። ተነስታ መጣች፤ ሱሪውን ከልጁ እጅ ተቀበለችና ጨምደድ ያለበትን አቃናችው።

«ልጅ አያድግም?» አለች። «የመጣ ቀን ይደርስበታል ብዬ አስረዝሜ ያሰፋሁለት ነው። ካላመንህ ግንባር ድረስ ሂድና ለካው።»

ሌሎቹ ሳቁ። «ሂድ ለካው!» አሉት ትከሻውን እየመቱ። ልጁ አፈረ። «እዚህስ ቤት?» አለ ወደ እኛ በር እያየ።

«እዚህ ያሉት እሳቸውና ይቺ ጥርሰ ወላቃ ናቸው። እኔ በዚህ ግቢ እየኖርሁ ወንድ ቢኖር አላይም? ወይስ ማኅበሩ ዓይን የሌላት ሴት ነው የመረጠው?»

ሄዱ። በሩ ሲዘጋ እትዬ አስካለ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሰፌዱን ልታነሳ ስትል ምስሩ ሁሉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። እማ ሮጣ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች። «አስካልዬ...»

«ምንም አይበሉኝ እማማ ዘይነባ። ልብሱ ይድረቅ።»

እኔ የተናደደችብን መስሎኝ ምስሩን ከጭቃው አንድ በአንድ ለቀምሁላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦው ላይ ሁልጊዜ የሁለት ወንድ ልብስ ነበር። እትዬ አስካለ ስለ ሰይድ ጠይቃን አታውቅም፣ እኛም ነግረናት አናውቅም። ልብስ ብቻ ነው የምንሰቅለው። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ እማና እሷ ግራና ቀኝ ሆነው አንሶላ ይጨምቃሉ፤ አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ትጠመዝዛለች፤ ስለ በርበሬ ያወራሉ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እዚያው ነበር። ግን ሥራው መካከሉ ላይ ቦታ ያዘ። ልጆቹ ስለ እርካታ ሲጠይቁኝ የታየኝ ይሄው ነው፤ ሁለት ሴቶች አንድ አንሶላ ሲጨምቁ።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ካባራ በኋላ የአባቴ ጓደኛ የነበረ ሾፌር ሰይድን በጭነት መኪና ወደ ባቲ ሊያሻግረው ቀጠሮ ያዘ። ዋዜማውን እማ ከሽቦው ያወረደችውን ልብስ ስታጥፍ፣ የግርማ ሰማያዊ ሸሚዝ በመካከሉ ተገኘ። ይዛው ወጣች። «አስካል፣ ተሳስቶ ከእኛ ጋር ገባ።»

«አልተሳሳተም» አለች እትዬ አስካለ። አልተቀበለችም።

ሰይድ እጅጌው ክርኑ ላይ የሚቀርበትን ሸሚዝ ለብሶ ሄደ።

እሱ በሄደ በሳምንቱ ከእትዬ አስካለ ቤት ዋይታ ተሰማ። የግርማ መርዶ መጣ ተባለ። ድንኳን ተተከለ። ከኩታበር እህቷ፣ ከየሰፈሩ ዘመድ፣ ከማኅበሩ ሴቶች፣ ግቢው በሰው ተሞላ። የእኛ ቤት ወጥ ቤት ሆነ፤ ለቀስተኛ ጓዳችን ውስጥ ተኛ፤ ሴቶቹ ማገዶ ሲያልቅባቸው መሰላል አቁመው ቆጡ ላይ ወጡ። እኔ ከታች ሆኜ እግራቸውን እያየሁ መሰላሉን ይዤ ቆምሁ። እማም ጆሮዬ ላይ፣ «አሏህ ቀኑን አሳመረልን ሐውዬ፤ ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ኖሮስ» አለችኝ። ከዚያ ሄዳ ከአስካለ አጠገብ ተቀምጣ ከማንም በላይ አለቀሰች። አስካለ ራሷ ግን ድምፅ አልነበራትም። ሰው፣ «ደንግጣ ነው፣ እንባዋ ደርቆ ነው» ተባባለ። ሽቦው ባዶውን ቀረ።

እማ ቀኑን አሏህ አሳመረልን እንዳለች ሞተች። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያው ብዬ ኖርሁ። እትዬ አስካለ ያረፈች ጊዜ ግን፣ ልቅሶው ላይ ያቺ የኩታበር እህቷ፣ አሁን በጣም አርጅታ፣ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«የግርማን መርዶ ያረዳኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው፣ ዝናቡ ገና ሳይገባ። ደረቷን አንዴ መታችና አፏን በነጠላዋ ጠቀጠቀችው። ‹ለማንም እንዳትነግሪ› አለችኝ። ‹አሁን ለቅሶ ከተቀመጥሁ ግቢው በሰው ይሞላል። እማማ ዘይነባ ቤት ደግሞ የተደበቀ ልጅ አለ።›»